ኮልፌ፦ ሥራው ባሕር ማዶ፣ እድሩ እዚህ

ኮልፌን ለመጎብኘት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ብዙ አይደለም። ወደ እንጦጦ ለአየሩ፣ ወደ ፒያሳ ለትዝታው፣ ወደ ቦሌ ለመዝናናቱ እንሄዳለን። ወደ ኮልፌ የምንሄደው ግን ጉዳይ ሲኖረን ነው፤ አጠና ልንገዛ፣ ዘመድ ልንጠይቅ፣ ለቅሶ ልንደርስ።

እኔ በአንድ የመድን ኩባንያ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሰፈሩን ደጋግሜ እንዳየው ያደረገኝ ሥራዬ ነው። በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅቶች ለሚሠሩ ወጣቶች መድንን በሐቅ እንዴት መሸጥ ይቻላል የሚል ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት። ከውጭ አገር ማስታወቂያዎች ይልቅ ኮልፌ የተሻለ መልስ ሰጥታኛለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ካለዎት አብረን እንዙራት። የምናየው ነገር ለመድን ሻጭ ብቻ ሳይሆን፣ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሮ የሚያመሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ ሁሉ የሚሆን ነው።

ከጦር ኃይሎች እስከ አጠና ተራ

ከከተማው ምሥራቅ የሚመጡ ከሆነ ባቡሩን ይያዙ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት የሚነሳው መስመር ማብቂያው ጦር ኃይሎች ነው፤ እዚያ ሲወርዱ የኮልፌ ደጃፍ ላይ ነዎት። ከዚያ «አስራ ስምንት» እያለ የሚጠራውን ታክሲ ይሳፈሩ። ቀለበት መንገዱን ይዘው ሲጓዙ በግራም በቀኝም ከተማዋ አንድም እየፈረሰች፣ አንድም እየተሠራች ታገኟታላችሁ።

አጠና ተራ ሲደርሱ አስቀድሞ የሚቀበልዎት የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ አዲስ አበባ ቤቷንም አጥሯንም የሠራችው በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ቀጭኑ ለአጥር፣ ወፍራሙ ለምሰሶ፣ ረጅሙ ለሕንፃ መወጣጫ እየተለየ ተደርድሯል። ገዢው አጠናውን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ በእጁ መታ መታ ያደርጋል፣ የተሰነጠቀውን ወደ ጎን ይጥላል። ሻጩ አይቆጣም። ዕቃው እስኪታይ ድረስ ዋጋ አይጠራም።

የመድን ሰው ሆኖ ይህን ማየት ያስቀናል። እኛ የምንሸጠው ነገር አይገላበጥም። ገዢው መሰንጠቁን የሚያውቀው ቤቱ ከተቃጠለ፣ መኪናው ከተጋጨ፣ ልጁ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። የሐቅ ሽያጭ ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል፤ የማይገላበጠውን ነገር እንዴት አገላብጦ ማሳየት ይቻላል?

እንግዳ የማያልቅበት ሰፈር

ኮልፌ ከሌላ ቦታ በመጣ ሰው የተሠራች ናት። መርካቶ ቅርቧ ስለሆነ፣ ከጉራጌና ከስልጤ አገር ለንግድ የመጡ ብዙዎች ቀን እዚያ ሲነግዱ ውለው ማታ የሚያድሩት እዚህ ነበር። ዘመዱን፣ መሬቱንና መቃብሩን አገር ቤት ትቶ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ የሚመለስ፣ ኑሮው በሁለት ቦታ የተከፈለ ሰው ነው የሰፈሩ አባት።

ወደ ደቡብ ወርደው ዘነበወርቅ ቢደርሱ ሌላ ዓይነት ተጓዥ ያገኛሉ። አለርት ሆስፒታል ባለበት በዚያ አካባቢ ከየክፍለ ሀገሩ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የመጡ ሰዎች ድነውም ወደ ቀዬአቸው ሳይመለሱ እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋል።

በስም የታወቀም እንግዳ አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር። ይጓዝበት የነበረው የኢትዮጵያ ፓስፖርት «ዴቪድ ሞትሳማዪ» በሚል ስም የወጣ ነው። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና ከስምንት ሳምንት በኋላ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ።

እነዚህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ «እዚህ ብታመም፣ እዚህ ብሞት ማን አለኝ?» የሚለው። የእድርን አጀማመር ያጠኑ ምሁራን ብዙዎቹ ነገሩን በባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ሰዎች፣ በተለይም ከጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል። እድር አገር ቤት ከዘመዱ ጋር ለተቀመጠ ሰው ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። ያስፈለገው ከአገሩ ለወጣው ነው። እንግዲህ በተንቀሳቃሽ ሠራተኛ ልክ የተሰፋ መድን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እግሩ ቤቴል፣ ደመወዙ ባሕር ማዶ

ከአጠና ተራ ወደ ጦር ኃይሎች ተመልሰን በወይራ ሰፈር በኩል ወደ ቤቴል እንውጣ። እዚህ ቤቶቹ ፎቅና ግቢ ያላቸው፣ ካፌዎቹ ሰፋፊ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ገብተው ጥግ ጥጉን ይመልከቱ። አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ፣ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ የሰካ ወጣት አያጡም።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «ዲጂታል ኖማድ» ይሉታል፤ ላፕቶፑን ይዞ ከአገር አገር እየተዘዋወረ የሚሠራ ዘላን ማለት ነው። ኢስቶኒያ በ2020 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ቪዛ ስትጀምር በወር ከ3,500 ዩሮ በላይ ገቢ እንዲያሳዩ ትጠይቅ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም በ2024 እ.ኤ.አ. ይህን መሰል ፈቃድ አስተዋውቃለች። የኛ ልጆች ግን አብዛኞቹ ዘላን አይደሉም። ፓስፖርታችን ብዙ በር አይከፍትም፤ ስለዚህ ድንበር የሚሻገረው ሰውየው ሳይሆን ሥራው ነው። ሎጎ የሚሠራ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የማያውቀውን ድርጅት ደንበኞች በሌሊት የሚያስተናግድ ልጅ እግሩ ቤቴል ነው። ከዐረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወደዚህ ሥራ የሚያማትሩትን ወጣቶች ቁጥር እንደሚጨምር መገመት ይቻላል።

አንዲት በሃያዎቹ አጋማሽ ያለች ግራፊክ ዲዛይነር እዚያ አግኝቼ ነበር። ከታመምሽ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት።

«ከታመምኩ አልሠራም፤ ካልሠራሁ አልከፈልም።»

«ከዚያስ?»

«እናቴ አለች» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። መደበኛ ቅጥረኛ የሆነ ሰው የሕመም ፈቃድ አለው። ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ጡረታ ያስቀምጥለታል። ሥራ ላይ ቢጎዳ ሕግ አለ፤ ድርጅቱ ጠንከር ያለ ከሆነ የቡድን የሕክምና መድንም ይገባለታል። በኢንተርኔት የሚሠራው ልጅ ገቢው ከእነዚህ ከብዙዎቹ ሊበልጥ ይችላል፤ ከበስተጀርባው ግን ይህ ሁሉ የለም። ያለው እርስዎ ነዎት። ውል ሳይፈርሙ፣ አረቦን ሳይቀበሉ የልጅዎ መድን ሰጪ ሆነዋል። የእርስዎ ጡረታ፣ የእርስዎ ቁጠባ፣ የእርስዎ ቤት ነው ከኋላ የቆመው። እርስዎ ራስዎ ቢታመሙስ?

ለቆንስላው የተገዛ ወረቀት

የመድን ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ መድን ሰጪዎች ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። በደርግ ዘመን የግል ኩባንያዎቹ ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ፤ የግሉ ዘርፍ እንደገና የተፈቀደለት በ1986 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ይዞ የመድን አረቦን ድምር ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ለምን? ብዙዎቻችን መድን የምንገዛው ለሌላ ሰው ነውና። የሦስተኛ ወገን መድን ከመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ለትራፊክ ፖሊሱ ነው። የጉዞ መድን የምንገዛው ለቆንስላው ነው። የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ማቅረብ ስላለበት ይገዛል፣ ከማመልከቻው ጋር ያያይዛል፣ ይረሳዋል። ውሉን አንብቦት ከሆነ ቢጠይቁት መልሱን ያውቁታል። ሳያስገድደው፣ ለራሱ ብሎ የሚገዛውን ሰው ለማግኘት ሌላ ቋንቋ ያስፈልጋል።

የውጭዎቹን ማስታወቂያ መቅዳት ያንን ቋንቋ አይሰጠንም። የባሕር ዳርቻ አሸዋ፣ የዘንባባ ዛፍ፣ ከጎኑ ላፕቶፕ ያለበት ሥዕል ለቤቴሏ ልጅ ምንም አይነግራትም። የእሷ ሥጋት መብራት መጥፋቱ፣ ወገቧን ማመሙ፣ ደንበኛዋ ሳይከፍላት መጥፋቱ ነው። ምርቱም ቢሆን እንዳለ አይገለበጥም። የኖርዌይ ሰዎች ያቋቋሙት ሴፍቲዊንግ ለዘላን ሠራተኞች በየአራት ሳምንቱ የሚከፈል መድን ይሸጣል፤ ጉዞ ላይ ሆኖ እንኳ መግዛት ይቻላል። አከፋፈሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ነገር ግን በራስ አገር ውስጥ የሚሰጠው ሽፋን ለአጭር ጉብኝት ያህል የተገደበ ነው። ከቤቷ ወጥታ ለማታውቀው ልጅ እንዲህ ያለውን መሸጥ ዝናብ ለማይዘንብበት አገር ጃንጥላ መሸጥ ነው።

ማስፈራራትም አይሠራም። ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው ረጲ፣ ቆሼ በምንለው የቆሻሻ ማከማቻ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አደጋ ድንገት እንደሚመጣ ለኮልፌ ሰው በማስታወቂያ ሰሌዳ ማስተማር ድፍረት ነው። ሰዉ ሥጋቱን ያውቀዋል። የማያውቀው እኛን ነው፤ በችግሩ ቀን እንደምንገኝ አላየም።

ደንቡ ሲነበብ

ኮልፌ ውስጥ አንድ እድር ስብሰባ ላይ እንድቀመጥ ተፈቅዶልኝ ነበር። ጸሐፊው መዝገብ ይዟል፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ዘግይቶ የከፈለ ቅጣት ይጨምራል። ከኋላ ባለው ክፍል ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ብረት ድስት ተቀምጧል። ሲጨርሱ ዳኛውን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ አባል ሲመጣ ምን ብለው ያግባቡታል?»

«ምን አግባባዋለሁ ልጄ? ደንቡን አነብለታለሁ።»

«የማይከፈለውንም?»

«እሱንማ ነው በፊት የማነበው። ኋላ ድንኳን ውስጥ ከመጣላት ዛሬ መነጋገር ይሻላል።»

በማርኬቲንግ ትምህርት ቤት ካነበብኩት ብዙ ነገር ይህ ይበልጥብኛል። የእድር ደንብ ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለአማች ምን ያህል እንደሚከፈል በአማርኛ፣ ማንም በሚገባው ቋንቋ ይዘረዝራል። ገንዘቡ የሚደርሰው በዕለቱ ነው። ክርክር ቢነሳ ዳኛው ጎረቤት ስለሆኑ ነገ በር ላይ ይገናኛሉ። ማስታወቂያ አይነገርም፤ ድንኳኑ ራሱ ማስታወቂያ ነው። አስፋልት ዳር ተተክሎ ያየው ሁሉ እድሩ ቃሉን እንደጠበቀ ያውቃል።

ይሁን እንጂ እድርንም አናሞግሰው አናጋነው። አብዛኛው የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። ለሦስት ወር ሕመም፣ ለተሰረቀ ላፕቶፕ፣ ለቆመ ገቢ ደንብ የለውም። ሰፈር በልማት ሲነሳ አባላቱ ወደ የአቅጣጫው ይበተናሉ። ወጣቱ ደግሞ እድር የወላጆቹ እንጂ የእሱ አይመስለውም። የመድን ኩባንያ ቦታ እዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ እድር ባላዳረሰው በኩል፣ በእድር ጠባይ መግባት።

በሐቅ ሲሸጥ ምን ይመስላል?

አንደኛ፣ የማይሸፈነው አስቀድሞ ይነገር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በትልቁ፣ በአማርኛ። ቀድሞ የነበረ ሕመም፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ መድን ገቢው ከራሱ የሚሸፍነው ድርሻ በዚያ ይጻፍ። ይህን አንብቦ የሚሄድ ደንበኛ ይኖራል። የሚቀረው ግን አይከዳም።

ሁለተኛ፣ አረቦኑ የገቢውን ጠባይ ይከተል። በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው አንድ ወር ሞልቶለት አንድ ወር ባዶ ሊሆን ይችላል። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ክፈል ማለት አትግዛ ማለት ነው። በየወሩ በቴሌብር የሚከፈል፣ ሥራ ሲጠፋ ለጊዜው የሚቆም፣ ሲመለስ የሚቀጥል ውል ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ ቡድን እንፍጠር። የሕክምና መድን በአገራችን በብዛት የሚሸጠው ለድርጅቶች ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ድርጅት የለውም። እድር ግን ሊኖረው ይችላል። ኢኮኖሚስቱ ስቴፈን ዴርኮንና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢትዮጵያ የዝናብ መድን በእድሮች በኩል ሲቀርብ የተከሰተውን መርምረዋል። የመድኑን ገንዘብ እርስ በርስ እንዴት እንደሚረዳዱበት የሠለጠኑት ቡድኖች ለብቻ የሚገኘውን ጥቅም ብቻ ከተማሩት የበለጠ መድኑን ፈልገዋል። አንድ ካፌ የሚሠሩ ሃያ ወጣቶች ዳኛና ጸሐፊ መርጠው በቡድን ቢገቡ ለኩባንያውም ለእነሱም ይበጃል።

አራተኛ፣ የሰዉን እምነት እንወቅ። ኮልፌ ውስጥ ወለድ አለበት ብሎ ከመድን የሚርቅ ሙስሊም ቤተሰብ ብዙ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ለተካፉል መመሪያ አውጥቷል። በተካፉል አባላት መዋጮአቸውን ለመረዳጃ ያዋጣሉ፤ ሐሳቡ ከእድር ብዙም አይርቅም። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ራሱ አገልግሎት ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ካሳው በጊዜ ይከፈል። ካሳ ሳይከፍሉ ማስታወቂያ ማብዛት ድንኳን ሳይተክሉ ጥሩንባ መንፋት ነው።

እርስዎ ምን ይጠይቁ?

ልጅዎ በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ። ሦስት ወር መሥራት ባይችል ቤቱ በምን ይኖራል? መልሱ የእርስዎ ስም ብቻ ከሆነ መነጋገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ወረዳችሁ ሄዳችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ጠይቁ። የተዘረጋው ከመደበኛ ቅጥር ውጭ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው፤ መዋጮው በዓመት ይከፈላል፣ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ነው። ከዚያ ወደ መድን ኩባንያ ስትሄዱ እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ፦ የማትከፍሉት ምንድን ነው? ሽፋኑ የሚጀምረው መቼ ነው? የሚሠራው እዚህ ነው ወይስ ውጭ አገር ብቻ? ላፕቶፑ በመብራት መዋዠቅ ቢቃጠል ይካሳል? ካሳ ለመጠየቅ ምን ወረቀት፣ በስንት ቀን ውስጥ? ሻጩ እነዚህን ሳይጨነቅ በቀላል አማርኛ ከመለሰ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። «እሱ ችግር የለውም፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» ካለ እንደተሰነጠቀ አጠና ወደ ጎን አድርጉት።

እድራችሁንም አትተዉ፤ ልጃችሁን በራሱ ስም አስመዝግቡት። በወር አንዴ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ደንብ ሲነበብ መስማት ለቀብር ብቻ አይጠቅምም። አንድ ቀን የሚፈርመውን ውል እንዴት ማንበብ እንዳለበት የሚማርበት ቦታ ነው።